በአነስተኛ ገንዘብ ቱርቦ ለምትገጠምላት ዲኤክስ ካርቡሬተር ይሻላል ወይስ ኢንጀክሽን?

ባለ ዲኤክስ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለችኝ መኪና የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ሞተሯ 4ኬ የሚባለው ባለ 1,290 ሲሲ ሲሆን ከፋብሪካ እንደወጣ በካርቡሬተር (ቤንዚኑን በአየር መሳብ ብቻ በሚቀላቅለው መሣሪያ) ይሠራል። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ወላጆቼ ግን አዋሽ ስለሚኖሩ በወር አንድ ጊዜ ወርጄ እመለሳለሁ። ከመተሐራ ተነስቼ ወደ አዳማ የሚወጣውን ዳገት አራት ሰው ጭኜ ስወጣ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፌ መሄድ ግዴታዬ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ከሶማሌ ተራ ሲቲ20 የተባለ ያገለገለ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ) ገዛሁ፤ ከሃይሉክስ 2ኤል-ቲ ናፍጣ ሞተር የወጣ ነው፤ ዘንጉ አይወዛወዝም፣ ዘይትም አላፈሰሰም። ሞተሩን ካሳደስኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምፈልገው ከ0.4 እስከ 0.5 ባር የሚደርስ መጠነኛ ግፊት እንጂ የውድድር መኪና አይደለም። አንዱ ወዳጄ ካርቡሬተሩን እንዳለ ተወውና ቱርቦውን ብቻ ግጠም ይለኛል፤ ሌላው ያለ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ ከሚረጨው ዘዴ) የተገጠመ ቱርቦ ፒስተን ማቅለጫ ነው ይለኛል። ገንዘቤ የተወሰነ ስለሆነ ሁለቱን መሞከር አልችልም፤ የሠራችሁትንና ያያችሁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የቃሊቲው መካኒክ

ወንድሜ፣ ካርቡሬተር ለቱርቦ አይሆንም የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሬኖ 5 ጂቲ ቱርቦ በ1985 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ የወጣችው በአንድ የሶሌክስ ካርቡሬተርና በትንሽ የጋሬት ቱርቦ ነበር፤ ባለ 1,397 ሲሲ ሆና 115 የፈረስ ጉልበት ትሰጥ ነበር። ሎተስ ኤስፕሪ ቱርቦም በ1980 በሁለት የዴሎርቶ ካርቡሬተሮች 210 የፈረስ ጉልበት አውጥቷል። እነዚህ ለደንበኛ የተሸጡ መኪኖች ናቸው።

እኔ በዚህ ሙያ 27 ዓመት ሠርቻለሁ። ካርቡሬተር መንገድ ላይ ቢያስቸግርህ ከፍተህ በአየር ነፍተህ ትገጥመዋለህ፤ ኮምፒውተር መንገድ ላይ ቢሞትብህ መኪናህን የምታንቀሳቅሰው በጎታች ነው። የሚያስፈልግህ ካርቡሬተሩን ከቱርቦው በኋላ አስቀምጦ አየሩ በላዩ ላይ እንዲገፋበት ማድረግ፣ የቤንዚን ጄቶቹን (ቤንዚኑ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች) ማስፋት፣ የስሮትል (የአየር መክፈቻው በር) ዘንጉን ማሸግና ጥሩ የቤንዚን ፖምፓ መግጠም ነው። ግፊቱን በ0.4 ባር ካቆምክ ሞተርህ ረጅም ጊዜ ይኖራል።

መምህሩ ከአዳማ

ጋሼ የጠቀሷቸው መኪኖች እውነት ናቸው፤ እኔም ካርቡሬተር ለቱርቦ ፈጽሞ አይሆንም የሚል አቋም የለኝም። ነገር ግን ጠያቂው ወንድማችን የሚነዳው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለች ከተማ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ወርዶ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁን ውሳኔ የሚሰጠው ይህ ነገር ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ካርቡሬተር የአየሩን ክብደት አይመዝንም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ያ የወረደ ግፊት ቤንዚኑን በጄቱ በኩል ይስበዋል። ሂሳቡ ሲሠራ የቤንዚኑ መጠን ለአየሩ መጠን ያለው ምጣኔ ከአየሩ እፍጋት (በአንድ ሊትር ውስጥ ካለው የአየር ክብደት) ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒ ይጓዛል። አየሩ ሲሳሳ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ አየሩ ሲጠቀጠቅ ደግሞ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ድብልቁ ሳሳ የምንለው ይህን ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ግን 101 ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የሚሰጥ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ ሳይነካ ወደ 12.7 ይወርዳል። የአዲስ አበባ አሮጌ መኪኖች ካንዴላቸው ጥላሸት የሚለብስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ይኸንኑ ሕግ ወደ ቱርቦው እናምጣው። ካርቡሬተሩ ከቱርቦው በኋላ ሲሆን በጉሮሮው የሚያልፈው አየር የተጠቀጠቀ ነው። አዲስ አበባ ላይ 0.5 ባር ስንጨምር ፍጹም ግፊቱ ከ76 ወደ 126 ኪሎፓስካል ይወጣል፤ ይህም 1.66 እጥፍ ነው። አየሩ ሲጨመቅ ስለሚሞቅ እፍጋቱ በዚያው መጠን አይጨምርም፤ አየሩ ሳይቀዘቅዝ ከገባ እፍጋቱ ወደ 1.34 እጥፍ ይሆናል፤ ድብልቁም በ14 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየሩን በኢንተርኩለር ወደ 45 ዲግሪ ብናወርደው እፍጋቱ 1.54 እጥፍ ይደርስና ድብልቁ በ19 በመቶ ይሳሳል። ኢንተርኩለር ሞተሩን ከመንኳኳት (ድብልቁ ያለ ጊዜው ከመፈንዳቱ) የሚጠብቅ መሣሪያ ሆኖ ሳለ ካርቡሬተሩን ግን ይበልጥ ያሳሳዋል ማለት ነው። በግፊት ጊዜ የምንፈልገው 11.5 ወይም 12 ሆኖ ሳለ 12.7 የነበረው ወደ 15.7 ይሄዳል። ጄቶቹን ማስፋት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እዚህ ድረስ ጋሼ ትክክል ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ጄቱን ማስተካከል ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው መኪናዋ አዋሽ ስትደርስ ነው። በ1,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 90 ኪሎፓስካል ስለሚወጣ፣ በሙቀቱ ምክንያት የሚጠፋውን ብንቀንስ እንኳ እፍጋቱ ከአዲስ አበባው በ13 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ድብልቁ በ6 በመቶ ይሳሳል። በተጨማሪ የቱርቦው ግፊት መልቀቂያ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ እዚያ 0.5 ባር ሲሰጥ ወደ ሞተሩ የሚገባው ፍጹም ግፊት 140 ኪሎፓስካል ይሆናል። ሞተሩ ብዙ አየር፣ የሳሳ ድብልቅና የ36 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ጊዜ ያገኛል። ያንን ዳገት የሚወጣውም በዚያው ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው።

ባለ ዲኤክስ

መምህር፣ ይህን የሚያህል ማብራሪያ ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ካርቡሬተሩን ከቱርቦው በፊት ባስቀምጠው ሁልጊዜ የሚያልፍበት የውጪው ተራ አየር ስለሚሆን፣ በግፊት ምክንያት የሚመጣው መሳሳት አይቀርም ወይ? ፖምፓውም መቀየር አያስፈልገውም ማለት ነው። ከሁሉም ርካሹ መንገድ ይህ መሰለኝ።

ከሜሪላንድ

ሐሳብህ ትክክል ነው፤ ምጣኔው በግፊት አይናወጥም። አሜሪካኖችም የጀመሩት በዚህ መንገድ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጡት ሼቭሮሌት ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደርና ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ሁለቱም ካርቡሬተራቸው ከቱርቦው በፊት ነበር። ጄትፋየር የመጭመቂያ ምጣኔው 10.25 ለ 1 ስለነበረ እንዳይንኳኳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይረጭለት ነበር፤ ባለቤቶቹ ፈሳሹን መሙላት ስለሚዘነጉ ብዙዎቹ መኪኖች በኋላ ቱርቧቸው ተነቅሎ ተራ ካርቡሬተር ተገጠመላቸው። ፎርድ በ1979 ለሙስታንግ፣ ቢዩክም በ1978 ለሪጋል ያንኑ ዘዴ ተጠቅመዋል።

ነገር ግን በዚህ መንገድ ስትሄድ ሁለት ነገሮች ያጋጥሙሃል። አንደኛው ኢንተርኩለር መግጠም አለመቻልህ ነው። ከቱርቦው የሚወጣው አየር ብቻ ሳይሆን የቤንዚን ጭጋግ ስለሆነ በኢንተርኩለሩ ውስጥ ቤንዚኑ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እሳት ከመታ ያ ሁሉ ይፈነዳል። ሁለተኛው የቱርቦው የዘይት መዝጊያ ነው። ስሮትሉ ከቱርቦው በፊት ስለሆነ እግርህን ከቤንዚን ባነሣህ ቁጥር በቱርቦው ውስጥ ያለው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ የናፍጣ ሞተር ቱርቦ ደግሞ ከፊቱ ስሮትል እንደማይኖር ታስቦ የተሠራ በመሆኑ መዝጊያው ያንን መሳብ አይችልም። ሲቲ20 ካለህ ቁልቁለት በወረድክ ቁጥር ዘይት ትጠጣለች፤ ከማርሚታውም ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። የካርቦን መዝጊያ ያለው ቱርቦ ፈልገህ ካላገኘህ በቀር ይህን መንገድ ተወው።

ቢዩክ ራሱ የሄደበት አቅጣጫ ብዙ ይናገራል። ያው ባለ 3.8 ሊትር ሞተር በ1984 ኢንጀክሽን ሲገጠምለት 200 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፤ በ1986 ኢንተርኩለር ሲጨመርለት 235 ሆነ። ኢንተርኩለሩን መግጠም የተቻለው ቤንዚኑ ከሞተሩ በር ላይ መረጨት ስለጀመረ ነው።

የቃሊቲው መካኒክ

ኢንተርኩለሩ ካርቡሬተርን ያሳሳዋል የሚለውን መምህሩ ያሳዩት ሂሳብ ተቀብያለሁ፤ እኔም በእጄ የማውቀው ነገር ነበር፤ ምክንያቱን ግን እንዲህ አስልቼው አላውቅም። ቀጭኑን ድብልቅ ፈርተን ጄቱን ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ እናሰፋው ነበር፤ ለዚያም ነው የሠራናቸው መኪኖች በከተማ ውስጥ ቤንዚን የሚበሉት።

ነገር ግን የኢንጀክሽንን ሌላ ገጽ ልናገር። ሌላ ቦታ በኢንጀክሽን ቱርቦ ተገጥሞላት ወደ እኔ ተጎትታ የመጣች መኪና ነበረች። ሦስተኛው ፒስተን ከጫፉ ቀልጦ ነበር። ስንፈትሽ የኮምፒውተሩ መሬት ሽቦ የታሰረው ቀለም ያልተፋቀለት ቆርቆሮ ላይ ነው፤ የአየር ሙቀት መለኪያው ደግሞ ከማርሚታው ማኒፎልድ በላይ ተንጠልጥሏል። የኢንጀክተሮቹ ማጣሪያ ዝገት ሞልቶታል፤ ምክንያቱም የታንኩን ውስጥ ያጠበ አልነበረም። ካርቡሬተር እንዲህ ዓይነቱን ስንፍና በመንተፋተፍ ይነግርሃል፤ ኢንጀክሽን ግን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ደህና መስሎ ይሄድና በድንገት ያጠፋሃል። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው መሣሪያ ይበልጣል ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የትኛውን በትክክል የሚገጥምልህ ሰው አለ የሚለውም መጠየቅ አለበት።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን

ጋሼ፣ የተናገሩት ሁሉ እኔም በየጊዜው የማየው ነው፤ እነዚያን ጥፋቶች በማስቀረት ረገድ ግን ኢንጀክሽን ሰዎች እንደሚያስቡት ውድ አይደለም። ባለ ዲኤክሱ፣ ወጪህን እኔ እንዴት እንደማየው ልንገርህ።

ከሶማሌ ተራ የሚገዙት ኢንጀክተሮች፣ የስሮትል አካል፣ የውሃና የአየር ሙቀት መለኪያዎች ከማንኛውም የዘጠናዎቹ ቶዮታ ሊወሰዱ ይችላሉ። ለ4ኬ ራሱ ቶዮታ 4ኬ-ኢ የሚባል የኢንጀክሽን ዓይነት ስለሠራ፣ ማኒፎልዱን (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ) ካገኘህ ብዙ ብየዳ ይቀርልሃል፤ ካላገኘህ ግን የራስህን ማኒፎልድ በኢንጀክተሮቹ መጠን ማስበሳትና ማስቀመጫ ማስበየድ ነው። ኢንጀክተርህ ትልቅ መሆን የለበትም። 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ የቱርቦ ሞተር በሰዓት ወደ 27 ኪሎ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ይህን ለአራት አካፍለህ ኢንጀክተሩ ከጊዜው 85 በመቶ ብቻ ክፍት እንዲሆን ብታስብ በደቂቃ 180 ሲሲ የሚሰጥ ይበቃሃል። ከዚህ በጣም የሚበልጥ ከገጠምክ ሞተሩ ቆሞ ሲዞር መቆጣጠር ያቅትሃል።

ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ሜጋስኩዊርት የሚባለው ሰው በቤቱ ሊበይደው እንዲችል ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ስፒዱዊኖ ደግሞ በአርዱዊኖ ሜጋ ሰሌዳ ላይ የሚሠራና ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። ሁለቱም ፍጹም ግፊትን የሚለካ ሴንሰር ስላላቸው መምህሩ የተናገሩትን የአዋሽና የአዲስ አበባ ልዩነት በየቅጽበቱ ያሰሉታል። ያ ሴንሰር እስከ 250 ኪሎፓስካል የሚያነብ መሆኑን ብቻ አረጋግጥ።

ገንዘብ የሚበሉት ሰዎች የማይቆጥሯቸው ነገሮች ናቸው። ለ3 ባር የሚሆን ፖምፓ፣ ያንን ግፊት የሚችል ቱቦ፣ ወደ ታንኩ የሚመለስ መስመርና በመታጠፊያ ላይ ፖምፓው አየር እንዳይስብ የሚያደርግ ትንሽ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋሉ። በፊት ፑሊው ላይ የሚታሰር፣ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር የሚያውቅበት ጥርሳም ዲስክና አንባቢው፣ እንዲሁም ድብልቁን በቁጥር የሚያሳይ ሰፊ ንባብ ያለው የኦክሲጅን ሴንሰር ይጨመራሉ። ይህ የመጨረሻው ለካርቡሬተርም ቢሆን የግድ ነው። የካንዴላ ቀለም እያዩ ቱርቦ ማስተካከል ሞተሩን በቁማር ማስያዝ ነው።

መምህሩ ከአዳማ

ስለ ሴንሰሩ የተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው 0.25 ባር የሚሰጣችሁ ተጨማሪ ጉልበት አይደለም፤ ጅቡቲ ላይ ያለች፣ ቱርቦ የሌላት መኪና የምታገኘውን አየር መመለስ ብቻ ነው። ባለ ዲኤክሱ በ0.4 ባር ቢረካ በፍጹም ግፊት 116 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ይህ የመጭመቂያ ምጣኔው 9 ለ 1 ለሆነ ሞተር ብዙ ጫና አይደለም። በዚህ ምክንያት በከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው መጠነኛ ቱርቦ በጣም የሚገባ ሥራ ነው እላለሁ፤ የሠራነውም ነገር ሲወርድ ምን እንደሚሆን ካሰብን ማለቴ ነው።

ከሜሪላንድ

የካንዴላውን እሳትም አትርሱት። ሁሉም ስለ ቤንዚን ሲያወራ የ4ኬ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) በቱርቦ ግፊት ጊዜ እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ ማዘግየት እንደማይችል ተዘንግቷል። ለእያንዳንዱ 0.1 ባር ግፊት እሳቱን አንድ ወይም አንድ ተኩል ዲግሪ ማዘግየት የተለመደ መነሻ ነው። ካርቡሬተሩን የሚመርጥ ሰው ቢያንስ እሳቱን በኮምፒውተር ቢያስተዳድር አብዛኛውን አደጋ ይቀንሳል። ሞተር የሚሰብረው መንኳኳቱ ነው፤ የሳሳ ድብልቅ ወደዚያ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ብቻ ነው።

የቃሊቲው መካኒክ

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ለብዙ ዓመታት ያደረግሁት እሳቱን አስቀድሞ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ማዘግየት ነበር፤ ያኔ ቱርቦው ሳይነሳ መኪናዋ ትከብዳለች፣ ማርሚታውም ይግላል። እሳቱ በኮምፒውተር ከተያዘ ይህ ይቀራል።

ስለ ካርቡሬተሩም ያልተነገረ ነገር አለ። የቤንዚኑ መያዣ ገበታ ላይ ያለው አየር ከቱርቦው ጋር እኩል ግፊት ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ቤንዚኑ በጄቱ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ኋላ ይገፋል። ፖምፓውም ከቱርቦው ግፊት በላይ 0.2 ባር ገደማ መግፋት አለበት። የ4ኬ ሜካኒካል ፖምፓ ይህን አይችልም። በገበታው ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ውስጡ ባዶ የሆነ ነሐስ ከሆነም በግፊት ሊጨፈለቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቤንዚኑ ይጥለቀለቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ እኔም አላመንኩም ነበር፤ የተጨፈለቀውን በእጄ ይዤ ካየሁ በኋላ ግን የሠራሁትን መኪና ሁሉ ተንሳፋፊ ፈትሻለሁ።

ባለ ዲኤክስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተነገረኝን ሁሉ በወረቀት ላይ አስቀምጬ ወጪዎቹን ጎን ለጎን አስተያየሁ። ካርቡሬተሩን ብይዘው እንኳ አዲስ ፖምፓ፣ ግፊት ማስተካከያ፣ የኦክሲጅን ሴንሰርና የእሳት ኮምፒውተር መግዛቴ አይቀርም። ከዚያ ወደ ኢንጀክሽን ለመሄድ የሚቀረኝ ኢንጀክተሮቹ፣ የስሮትል አካሉ፣ የመመለሻ መስመሩና የማኒፎልዱ ሥራ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሞተር ማሳደሻ ዋጋ ያነሰ ሆኖ ስላገኘሁት ኢንጀክሽኑን መርጫለሁ፤ በየወሩ የምወርደው መንገድ ውሳኔውን አቅልሎልኛል።

ሥራውን ግን በአንድ ጊዜ አልጀምረውም። በመጀመሪያ ቱርቦውን ሳልገጥም ሞተሩን ወደ ኢንጀክሽን እለውጠዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አዋሽ ደርሼ ስመለስ ድብልቁ በቁጥር ምን እንደሚያሳይ እመዘግባለሁ። ከዚያ በኋላ ቱርቦውን በ0.3 ባር እጀምራለሁ። ጋሼ፣ ቃሊቲ ድረስ ብመጣ ታንኩን አውርደው ያጥቡልኛል?

የቃሊቲው መካኒክ

ና፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤንዚኑን አጉድለህ ና፤ ሩብ ታንክ እንኳ መሞላት የለበትም። የመመለሻውን መስመር ቀዳዳ የምንበሳው ታንኩ ታጥቦ፣ ደርቆና ውሃ ተሞልቶ ስለሆነ ሥራው ሙሉ ቀን ይወስዳል። ኤሌክትሪሺያኑ ወንድማችንም የሚመቸው ከሆነ በዚያው ቀን ይምጣ፤ መሬት ሽቦዎቹ የት እንደሚታሰሩ ቀለሙን አብረን ፍቀን እንወስናለን።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን

እመጣለሁ። ባለ ዲኤክሱ፣ ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ሠርተህ ና፦ የአራቱንም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን አስለካና ቁጥሩን ጻፍልን፤ በፊት ፑሊውና በሞተሩ መካከል ያለውን ክፍተትም በሚሊሜትር ለካ። ጥርሳሙን ዲስክ የማስቆርጠው በዚያ ልክ ነው።